«ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን – ባለቤቷስ ማን ነበር?

ሮዝቪል፣ ሚኒሶታ – ለመሆኑ «ኢትዮጵያ» የምትባል የጦር መርከብ እንደነበረችን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዕድሜያቸው የገፋ ወገኖቻችን፣ በተለይም ምፅዋንና አሥመራን የሚያውቁ፣ ጥያቄው ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል። ከደርግ ውድቀት በኋላ የተወለደው ወጣት ግን አገሩ ባሕር ኃይል እንደነበራት እንኳ በወሬ ነው የሚሰማው። መርከቢቱ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም ነበረች። በባሕር ኃይላችን ታሪክ ውስጥ ከእርሷ የሚተልቅ መርከብ አልነበረንም። ከጥር 1954 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም ድረስ የአገሪቱን ስም ተሸክማ ቀይ ባሕር ላይ ኖራለች። መጨረሻዋ ግን በውጊያ መስጠም አልነበረም፤ ማዕበልም አልወሰዳትም። በሰው አገር ወደብ ላይ ቆማ ቆይታ እንደ አሮጌ ምጣድ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የዚህች መርከብ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በቁጭት ነው። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጭት ብቻውን አያስተምርም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። መርከቢቱ በሃምሳ ዓመት ዕድሜዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ባለቤቷ ማን ነበር? አገር ሲፈርስ ወይም መንግሥት ሲለወጥስ የአገር ንብረት የሆነ መርከብ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያላቸው ዓመታት የአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ዓ.ም» የሚሉት ደግሞ የእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሲያትል አጠገብ የተወለደች

መርከቢቱ ስትወለድ ስሟ «ኢትዮጵያ» አልነበረም። «ኦርካ» ትባል ነበር። የተሠራችው በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ከተማ በሐይቅ ማዶ በምትገኘው ሃውተን በተባለች መንደር፣ ሌክ ዋሽንግተን በሚባለው የመርከብ መሥሪያ ነው። ግንባታዋ እ.ኤ.አ. በ1942 ተጀምሮ በዚያው ዓመት ውሃ ላይ ወረደች፤ በጥር 1944 ደግሞ ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ገባች። ሃውተን ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል ናት። መሥሪያው በነበረበት ዳርቻ ላይ አሁን ካሪሎን ፖይንት የሚባሉ የቢሮና የሆቴል ሕንፃዎች ቆመዋል። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በዚያ ዳርቻ በየቀኑ ያልፋሉ። የአገራቸውን ስም የተሸከመች መርከብ የተሠራችው እዚያ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

«ኦርካ» የተሠራችው ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነበር። ነዳጅ ትቀዳላቸዋለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቻቸውን ታሳድራለች፣ ትመግባለች። የምትንቀሳቀሰው በናፍጣ ሞተር ሲሆን ፍጥነቷም በሰዓት ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ጥልቀት በሌላቸው ወደቦች እንድትገባ ታስባ በመሠራቷ ከውሃ በታች የሚገባው አካሏ አጭር ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ማለትም ለብዙ ሰው የሚሆን ማደሪያ ያላት መሆኗና ጥልቀት በሌለው ውሃ መሄድ መቻሏ ኋላ ለእኛ እንደጠቀሙን አንባቢ ያስታውስ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከኒው ጊኒ እስከ ፊሊፒንስ ባለው ውሃ ላይ አገልግላለች። ከእርሷ ጋር የሚሠሩት አውሮፕላኖች የጠላትን እንቅስቃሴ ይከታተሉ፣ ባሕር ላይ የወደቁ ሰዎችንም ያድኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት የአቶሚክ ቦምብ ስትሞክር በሥራው ከተሰማሩት መርከቦች አንዷ ነበረች። ከዚያም ከአገልግሎት ወጣች። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ፣ እንደገና ተጠርታ እስከ 1960 ድረስ አገልግላ ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጣች።

በውሰት የመጣችው እመቤት

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። ዋና መሥሪያው ምፅዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አሥመራ ሆነ። በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መርከቦቹ ግን በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በተፈረመው ስምምነት መሠረት አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ሻለቃን የመገናኛ ጣቢያ ትይዛለች፤ በምላሹም ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ትሰጣለች።

በዚህ ዝምድና ነው «ኦርካ» በጥር 1954 ዓ.ም ለኢትዮጵያ የተሰጠችው። ስሟ ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች። መለያ ቁጥሯ ኤ-01 ሆነ። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ እርሷ ነበረች፤ የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛም እርሷው ነበረች። ቀድሞ የአሜሪካ አብራሪዎች ያድሩባቸው የነበሩት አልጋዎች ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች የሚተኙባቸው ሆኑ። ከኤርትራም ከመሀል አገርም የተውጣጡ ወጣቶች አብረው ማዕበል ተንገላቱባት፣ አብረው ኮከብ ቆጠሩባት።

ምፅዋ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይል በዓል ይከበር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ይወርዳሉ። አዲስ መኮንኖች ይመረቃሉ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች ሳይቀሩ በእንግድነት ይመጣሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሁለቱ ጎራ መርከቦች በአንድ ወደብ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩበት ቦታ ብዙ አልነበረም። ምፅዋ አንዷ ነበረች። በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል አስተናጋጇ «ኢትዮጵያ» ነበረች።

ይሁንና ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። መርከቢቱ የተሰጠችው በስጦታም በሽያጭም አልነበረም፤ በውሰት ነበር። ሰንደቅ ዓላማው የእኛ ነው፤ ስሙ የእኛ ነው፤ መርከበኛው የእኛ ልጅ ነው፤ የባለቤትነት ወረቀቱ ግን ዋሽንግተን ነበር። «የጃንሆይ መርከብ» እየተባለች የምትጠራው መርከብ በሕግ የጃንሆይም የኢትዮጵያም ሆና አታውቅም። እንደ ተከራየ ቤት ነው፤ መጋረጃው የተከራዩ፣ ግድግዳው የባለቤቱ።

ወረቀቱ የደረሰው ለደርግ ነው

በ1966 ዓ.ም አብዮቱ ፈነዳ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስልሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። የንጉሡ ስም ከትምህርት ቤቱም፣ ከሆስፒታሉም፣ ከኮሌጁም ላይ ተፋቀ። የመርከቢቱ ስም ግን አልተፋቀም። የሚፋቅ ነገርም አልነበረውም፤ የተጠራችው በንጉሥ ስም ሳይሆን በአገር ስም ነበርና። አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ብልኅነት በቀላል ነገር ውስጥ ይገኛል።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976፣ ደርግ ሶሻሊዝም ካወጀ በኋላ፣ አሜሪካ መርከቢቱን ለኢትዮጵያ በሽያጭ አስተላለፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት በውሰት የያዟትን መርከብ በወረቀት የኢትዮጵያ ያደረጋት ደርግ ነው ማለት ነው። በዓመቱ ደግሞ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቃኘውን ጣቢያና የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችን ቢሮ ዘጋ፤ የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ቆመ፤ ሶቪየት ኅብረት ገባች።

«ኢትዮጵያ» እንግዲህ በሶቪየት መሣሪያ መካከል የቀረች የአሜሪካ መርከብ ሆነች። ሞተሯ የአሜሪካ፣ መድፏ የአሜሪካ፣ መመሪያ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ነው። መለዋወጫ የሚልክላት ወዳጅ ግን ሄዷል። በ1970ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ ሁለት የሶቪየት ፍሪጌቶች መጡ። ሚሳይልና ቶርፔዶ የታጠቁ ፈጣን ጀልባዎችም ነበሩ። አሮጊቷ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። እስከ መጨረሻው የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ እርሷ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሙቀትና በጨው ውስጥ እንድትንቀሳቀስ ያደረጓት የሞተር ክፍል ሰዎች ናቸው። ስማቸው በየትኛውም የክብር መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ግንቦት 1983

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ሻዕቢያ ምፅዋን ያዘ። ባሕር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ዳህላክና አሰብ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም መንግሥቱ አገር ጥሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት አሥመራም አሰብም ወደቁ። መርከቦቹ ቀይ ባሕር ላይ ያለ ወደብ፣ ያለ መንግሥት፣ ያለ ትእዛዝ ቀሩ። መሄጃ የነበራቸው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ማዶ፣ ወደ የመን።

«ኢትዮጵያ» ከተሻገሩት መርከቦች አንዷ ነበረች። ከመርከቦቹ ጋር የወጡ መኮንኖችና ባሕርተኞች፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በየመን የስደት ኑሮ ጀመሩ። ለዓመታት እዚያው የቀሩ አሉ፤ በሠፈራ ፕሮግራም አሜሪካና ሌላ አገር የገቡም አሉ።

መርከቢቱ ግን የሠፈራ ፕሮግራም አልነበራትም። የመን ላይ ሁለት ዓመት ቆመች። መርከብ ደግሞ ዝም ብላ የምትቆም ዕቃ አይደለችም። በየጊዜው ካልተቀባች ይዝጋታል፤ ውሃ ካልተቀዳላት ትሞላለች፤ ሞተሯ ካልተነሳ ይደርቃል። ጠባቂ ያስፈልጋታል፣ ነዳጅ ያስፈልጋታል፣ የወደብ ክፍያ ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ የሚከፍል ባለቤት ሲጠፋ ያለችው መርከብ ሳትሆን ብረት ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዓመቱን ልብ በሉ። ኤርትራ ነጻነቷን በይፋ ያወጀችው ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም ማለትም በዚያው በ1993 ነው። አገሪቱ ባሕር አልባ በሆነችበት ዓመት ስሟን የተሸከመችው መርከብም ለብረት ዋጋ ወጣች። ደራሲ ቢፈጥረው «በዛ» የምንለው ነገር ነው፤ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

የቀሩት መርከቦች ዕጣም የተሻለ አልነበረም። ከየመን ወደ ጅቡቲ የተዛወሩት እ.ኤ.አ. እስከ 1996 ድረስ እዚያ ቆዩ። የወደብ ክፍያው አልተከፈለም። ጅቡቲም ዕዳዋን ለማስመለስ መርከቦቹን በጨረታ አወጣቻቸው። ኤርትራ አራቱን ወሰደች፤ የቀሩት ለብረት ሄዱ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልም በዚያው አከተመ።

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ አባቶቻችን። የመንም ጅቡቲም ያደረጉትን ማድረጋቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው ባለቤት ነኝ የሚል መጥፋቱ ነው። የሽግግር መንግሥቱ መርከቦቹን የሚያያቸው የደርግ ቅሪት አድርጎ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርከብ ግን የመንግሥት አይደለም፤ የአገር ነው። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያንን ሁሉ መዓት አልፎ የኢትዮጵያን ሰንደቅ እያውለበለበ ቀጥሏል። ለምን? ሒሳብ የሚይዝ፣ መድን የሚከፍል፣ «የእኔ ናቸው» ብሎ የሚፈርም ድርጅት ስለነበረው ነው። ባሕሩ የጠፋው ለሁለቱም ነው፤ ባለቤት የጠፋው ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

እህቶቿ ምን ሆኑ?

አገር የፈረሰበት መርከበኛ እኛ ብቻ አይደለንም። «ኦርካ» በተመሳሳይ ንድፍ የተሠሩ ብዙ እህቶች ነበሯት። አንዷን ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1958 ወስዳ «ሆኮን ሰባተኛ» ብላ ሰየመቻት፤ እንደ እኛው የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አድርጋትም እስከ 1974 ተጠቀመችባት። ሌላዋን ጣሊያን ወሰደች። ሰባቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 ለደቡብ ቬትናም ተሰጡ።

የቬትናሞቹ ታሪክ ልብ ይነካል፤ እዚህ ሴንት ፖል ውስጥ ከብዙ የቬትናም ተወላጆች ጋር ጎረቤት ሆነን ለምንኖረው ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። ሳይጎን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ስትወድቅ ከሰባቱ መርከቦች ስድስቱ ከሌሎች የባሕር ኃይሉ መርከቦች ጋር ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ። መርከቦቹ ወታደር ብቻ አልነበረም የጫኑት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም ነበሩባቸው። ፊሊፒንስ ግን የሌለ መንግሥት ባንዲራ ያነገበ መርከብ ወደቤ አይገባም አለች። መፍትሔው የተገኘው ከወረቀቱ ነው። መርከቦቹን የሰጠችው አሜሪካ ስለነበረች ወደ ሰጪያቸው እንደተመለሱ ተቆጠሩ። ባሕር ላይ እንዳሉ የደቡብ ቬትናም ባንዲራ በክብር ወረደ፤ የአሜሪካ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ስደተኞቹም ወደብ ገቡ። መርከቦቹ በኋላ ለፊሊፒንስ ባሕር ኃይል ተሰጥተው አራቱ ለዓመታት አገለገሉ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ይታያል። የእኛዋ እስከ መጨረሻው በውሰት ላይ ቆይታ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1991 «መርከቤን» የሚል አንድ ጠያቂ ይኖራት ነበር። የራሳችን ካደረግናት በኋላ ግን ከእኛ ሌላ ጠያቂ አልነበራትም። እኛም አልጠየቅናትም።

የቲቶ መርከብ

ሌላ ምሳሌ እናንሳ። ይህችኛዋ የምፅዋን ወደብ የምታውቅ ናት። የዩጎዝላቪያው መሪ ማርሻል ቲቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1955 ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የመጡት «ጋሌብ» በተባለችው መርከባቸው ነበር። ጋሌብ በእነርሱ ቋንቋ የባሕር ወፍ ስም ነው። እርሷም እንደ «ኢትዮጵያ» ሁለት ሥራ ነበራት፤ በአንድ በኩል የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ፣ በሌላ በኩል የመሪው መመላለሻና የእንግዳ መቀበያ።

የጋሌብን ባለቤቶች ብንቆጥር ጣት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኖቫ ላይ ስትሠራ ስሟ «ራምብ 3» ነበር፤ ከሶማሊያ ወደ ጣሊያን ሙዝ እንድታመላልስ ነበር የታሰበችው። እህቷ «ራምብ 4» እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ምፅዋን ሲይዙ እዚያው ተማርካለች። «ራምብ 3» በጦርነቱ የጣሊያን የጦር መርከብ ሆነች፤ ከዚያ ጀርመኖች ወስደው ፈንጂ ዘሪ አደረጓት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ርዬካ በተባለው ወደብ ላይ በአውሮፕላን ተመትታ ሰጠመች። ዩጎዝላቮች ከባሕር ወለል አውጥተው እንደገና ሠሯት፤ ለቲቶም ሆነች።

ቲቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞቱ። አገራቸው ልክ እንደ እኛው በ1991 መፍረስ ጀመረች። ጋሌብ ወደ ሞንቴኔግሮ ተወሰደች፤ በኋላም ለአንድ የግሪክ ባለሀብት ተሸጠች። ሰውየው ወደ ቅንጦት መርከብነት ሊለውጣት አስቦ ወደ ርዬካ አመጣት፤ ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ፤ እርሷም ዝጋ ቆመች። እስከዚህ ድረስ ታሪኳ ከእኛዋ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክሮኤሺያ በ2006 በቅርስነት መዘገበቻት። የርዬካ ከተማ ደግሞ በ2009 በ150 ሺህ ዶላር ገዛቻት፤ ሙዚየም እንድትሆን ወስናም ከአውሮፓ ኅብረት በተገኘ ገንዘብ ጭምር እድሳቷን ጀመረች።

ልብ በሉ፤ ክሮኤሺያ ውስጥ ቲቶን የሚወድም የሚጠላም ሞልቷል። መርከቢቱን ለማዳን የሁሉም ሰው ፍቅር አላስፈለገም። የዳነችው ፖለቲካው ስለተስማማ ሳይሆን አንድ የከተማ ምክር ቤት «ይህ ታሪካችን ነው፤ ክፉም ይሁን ደግ የእኛ ነው» ብሎ ስለፈረመ ነው።

ከደጃችን ያለ ምሳሌ

«እነርሱ መንግሥትም ገንዘብም ነበራቸው» የሚል ይኖራል። እንግዲያው መንግሥት ያላነሳውን ሥራ እንመልከት፤ ከሮዝቪል በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ባለው የሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1906 የከተማው የባቡር ኩባንያ ስድስት መንገደኛ ጫኝ ጀልባዎች አሠርቶ ነበር። መኪና ሲበዛ ሥራቸው ቀዘቀዘ። ከስድስቱ አንዷ «ሚኒሃሃ» በ1926 ሆን ተብሎ ሐይቁ ውስጥ ተሰጠመች። ቆሻሻ እንደ መጣል ነበር የተቆጠረው።

ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎ፣ በ1979፣ ጠላቂዎች አገኟት። በ1980 ከነጭቃዋ ወጣች። የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ እያዋጡ፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን እየሰጡ ለዓመታት ጠገኗት። በ1996 እንደገና ሰው ይዛ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈች፤ ወደ ውሃ የምትገባበት ቦታ እስክታጣ ድረስ፣ እስከ 2019፣ ሰው አመላለሰች። የእኛ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ለዕዳ ጨረታ በወጡበት በዚያው በ1996 የሚኒሶታ ጡረተኞችና አናጢዎች ሐይቅ ውስጥ የተጣለች ጀልባቸውን መልሰው ሕይወት ዘሩባት። ንጽጽሩ ያሳፍራል፤ ግን ያስተምራልም። ሚኒሃሃን ያዳናት የከተማው ሀብት አልነበረም፤ «የእኛ ናት» ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የቀረው ምንድን ነው?

«ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ መልሶ ማምጣት አይቻልም። ብረቷ ከቀለጠ ቆይቷል። የቀረን ነገር ግን አለ፤ እሱም በየቤታችን ነው። ፎቶግራፍ አለ። የአገልግሎት ደብተር አለ። የኮሌጅ ዲፕሎማ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹ አሉ። በዚያች መርከብ ላይ መሪ የጨበጡ፣ ሞተር የጠበቁ፣ ወጥ የሠሩ፣ ግንቦት 1983 ላይ ማዶ ያሻገሯት ሰዎች በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በዋሽንግተን፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይመጣሉ። ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። በየዓመቱ ለቀብር ስንሰበሰብ አብሮ የሚቀበረው ምን እንደሆነ እናስብ።

«ኦርካ» የነበረችበት ዘመን ለመጥፋት አያሰጋውም። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የዕለት መዝገቦቿን ይዟል፤ የፈለገ ሰው በ1945 መርከቢቱ በየትኛው ቀን የት እንደነበረች ማግኘት ይችላል። «ኢትዮጵያ» የሆነችበት ሠላሳ ዓመት ግን እንዲህ የተያዘ አይደለም። ባዕድ ያስቆጠራት ዐሥራ ስድስት ዓመት በወረቀት ይኖራል፤ የእኛ ሠላሳ ዓመት ግን በሽማግሌዎች ራስ ውስጥ ነው ያለው። ይህ ልክ ነውን?

ሥራው ከባድ አይደለም። በእጃችን ባለው ስልክ የአንድን ሽማግሌ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ፎቶግራፉን ከነጀርባው ጽሑፍ ማንሳት፣ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ማስጻፍ ይቻላል። ማስቀመጫም አለ። ከሮዝቪል ጥቂት ማይል ርቆ በሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የስደተኞችን ታሪክ የሚሰበስብ ቤተ መዛግብት አለ። ፊንላንዶች፣ ጣሊያኖች፣ ዩክሬናውያን የአያቶቻቸውን ደብዳቤ አስቀምጠውበታል። አዲስ አበባ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ እዚያ ማስቀመጥ ማንም የማይከለክለው ነው። የኤርትራ ተወላጅ የሆኑ የቀድሞ ባሕርተኞችም ከዚህ ሥራ ውጭ ሊሆኑ አይገባም። ድንበር ተለይቷል፤ የመርከቢቱ ታሪክ ግን የጋራቸው ነው።

ይህ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል እንደገና የማቋቋም ሥራ ተጀምሯል፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ አካባቢውን አናውጦ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአንካራው መግለጫ ተከትሎታል። ስለ ባሕር በር ያለን አቋም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለ ቀይ ባሕር የሚጮኸው ድምፅ ብዙ ነው። ነገር ግን ነገ መርከብ ይምጣ ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ሜትር ነው?» ወይም «ስንት መድፍ አለው?» መሆን የለበትም። «ወረቀቱ በማን ስም ነው? መንግሥት ሲለወጥ ማን ይጠብቀዋል? ማን ይከፍልለታል?» መሆን አለበት። ትልቁ መርከባችን የጠፋው ጠላት ስላሸነፈው ሳይሆን እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ነው።

መንግሥታት መጥተው ይሄዳሉ፤ ባንዲራ ላይ የሚያኖሩት ምልክትም ይለዋወጣል። የአገርን ንብረት ከመንግሥት ዕድሜ በላይ የሚያኖረው «የእኔ ነው» የሚል ሕዝብና ይህን የሚደግፍ ተቋም ነው። መርከቢቱን አላዳንናትም። ታሪኳን ግን አሁንም ማዳን እንችላለን፤ ባለቤቶቹም እኛው ነን። በየቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሻንጣ ክፈቱ፤ የቀድሞ ባሕርተኛ የሆነ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ካላችሁም ሳይመሽ ጠይቁት።

ቸር ያሰማን።